እሳቱን የማያየው አዳኝ

ተገኘ መሞቱን የነገረችኝ ቴፒ ያለችው የልጅ ልጄ ናት። ስልኩን አንስቼ ገና «ሃሎ» ሳልል «እማማ፣ ሠዓሊው አረፈ» አለችኝ። እኔ እንደ ሰው «ነፍሱን ይማር» ማለት ሲገባኝ፣ «ምን ሆኖ? መቼ? ማን አጠገቡ ነበር? የትኛውን ኮቱን ለብሶ ነበር?» ብዬ ጥያቄ አዘነብኩባት። ልጅቷ ግራ ገብቷት «እማማ ደህና ነሽ?» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ይሄ የኔ አመል አይደለም፣ የሱ ነው። እሱ ነው ያጋባብኝ።

ሚዛን ተፈሪ ላይ ጠጅ ቤት ነበረኝ። አሁንም አለኝ፤ ግን ጠጁን የምትጥለው ምራቴ ናት፣ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ገቢ ወጪውን እሰድባለሁ። ተገኘ መጀመሪያ የመጣው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ሰው ሁሉ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ምግብ ቤት እከፍታለሁ በሚልበት ጊዜ ነው። ሱቅ ከተከፈተ ታፔላ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊው በር ላይ የስፌት መኪናውን፣ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ መቀሱን የሣለው እሱ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ኮቱ ሁለት ሰው የሚያስገባ። ሲያስብ የብሩሹን እንጨት ጆሮው ውስጥ ይከታል፣ ስለዚህ አንድ ጆሮው ሁልጊዜ ባለ ቀለም ነው። ሰማያዊ ጆሮ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አይቼዋለሁ።

አገሩ ጎጃም ነው። ሥዕል የተማረው እዚያ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚሥሉ መምህር ዘንድ ነው። «ታዲያ ለምን ተውከው?» ብዬ ብጠይቀው ምን አለኝ? «ቅዱሳንን ብትጠይቂያቸው አይመልሱም፣ ዘነቡ። ፀጉር አስተካካይ ይሻላል።»

መጠየቅ በሽታው ነበር። ሥጋ ቤት ገብቶ ሥጋ አይገዛም፣ በሬው ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ሟቹን ምን ያስቀው ነበር?» ይላል። መጀመሪያ ሰው ይቆጣል፤ «ይሄ ደግሞ ምን ነካው» ይባላል። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ታስታውሳለች፣ ሌላው ይጨምራል፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ሲስቅ ታገኙታላችሁ። እኔንም አንድ ቀን «ባልሽን መጀመሪያ ስታዪው ምን ይዞ ነበር?» አለኝ።

«ምን አገባህ! ግድግዳ ላይ ልትሥለው ነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ ዋልኩ። ለካ ፋኖስ ይዞ ነበር። የተሰበረ ፋኖስ፣ ሊያሠራ። ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ፊቱን አስታውሳለሁ፣ ፋኖሱን ግን ረስቼው ነበር።

እንግዲህ አንድ ክረምት ላይ የጠጅ ቤቴን ግድግዳ ኖራ አስቀባሁና ተገኘን ጠራሁት። «ሴት ሣልልኝ» አልኩት፣ «ብርሌ የያዘች። እኔን ትምሰል፣ ግን ትንሽ ቀጠን አድርጋት።»

አየኝ፣ ግድግዳውን አየ፣ ብሩሹን ጆሮው ውስጥ ከተተ። «ብርሌ የያዘች ሴት በየጠጅ ቤቱ አለች። እያንዳንዷም ቀጠን ያለች ናት። ቆይ፣ አንዴ ሰው ልጠይቅ።»

ጠየቀ። ጠጪዎቼን አንድ በአንድ «የዚህ አገር ሰው ምን ቢያይ ይወዳል?» አላቸው። አንዱ አንበሳ አለ፣ አንዱ ባቡር አለ፣ ባቡር አይቶ የማያውቅ ሰው! አቶ አየለ ግን ብርሌያቸውን አስቀመጡና «የአባቴን እሳት ሣል» አሉት።

አቶ አየለ የአገሩ ተወላጅ፣ ቤንች ናቸው። አየለ የተባሉት ኋላ ነው፤ የልጅነት ስማቸውን እኔ ስጠራው ሆዳቸውን ይዘው ስለሚስቁብኝ ተውኩት። ከተማው ዳር ቡና አላቸው፣ ከቡናቸው ይበልጥ ግን የሚታወቁት በሽማግሌነት ነው። ባልና ሚስት ቢጣላ፣ የቡና ድንበር ቢገፋ፣ «አቶ አየለ ይምጡ» ነው። አማርኛቸው የራሳቸው ነው። ለሁሉም «አንተ» ነው የሚሉት፣ ለዳኛም ለቄስም። «እርስዎ ስትል ስንት ሰው ነው የምትጠራው?» ይሉ ነበር።

አባታቸው በድሮ ዘመን፣ የዝሆን ጥርስ ወደ ማጂ ይወጣ በነበረበት ጊዜ፣ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ጫካ ገብተው የሚያድሩ አዳኝ ነበሩ። አቶ አየለ ይሄን ሲያወሩ ተገኘ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወዲያው ተነስቶ አራት ጠጪዎቼን ከወንበር አንስቶ መሬት አስቀመጣቸው። መሃል ላይ ከማጀቴ ያመጣውን እንጨት ከመረ፣ ሳይለኩሰው። «ይሄ እሳቱ ነው፤ እናንተ አዳኞች ናችሁ፤ ሙቁ» አላቸው። ማር የሚያመጣልኝ ከድር፣ የጅማ ሰው፣ ሰላም ሊለኝ ብቅ ቢል እሱንም ጎትቶ አስቀመጠው።

«ኧረ እኔ ጠጅ እንኳ አልጠጣም!» አለ ከድር።

«ሙቀቱ አልተከለከለም» አለው ተገኘ።

አምስቱም ክብ ሠርተው ያልተለኮሰ እንጨት ላይ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። አቶ አየለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደዚህ አይደለም። አምስቱም እሳት ካየ፣ አምስቱም ዕውር ነው።»

«እንዴት?» አለ ተገኘ።

«እሳት ላይ ስታፈጥ ቆየህ፤ ከዚያ ዞር ብለህ ጫካውን አየህ። ምን ታያለህ? ምንም። ጥቁር ነው። አውሬው ግን አንተን ያያል። ስለዚህ አንድ ሰው እሳት አያይም። ከመጀመሪያው ጀምሮ አያይም። ጀርባውን ብቻ ይሞቃል። ሥጋ ሲሰጡት እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይቀበላል፣ ዞር አይልም። ቀልድ ሲያወሩ ይስቃል፣ ዞር አይልም።»

«ማን ነበር እሱ?»

«አባቴ። ሌላው ተራ ይገባል፣ አባቴ ግን "እኔ ልሁን" ይላል።»

ተገኘ ከድርን ትከሻውን ይዞ አዞረው፤ ፊቱ ወደ በሩ ሆነ። ከዚያ ሄዶ ከጎን ተንበርክኮ ረዥም ጊዜ አየው። «የአባትዎ ጆሮ እንዴት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«የግራው ተቀዷል። እሾህ ነው።»

«በጣም ጥሩ» አለ ተገኘ፣ የሰው ጆሮ ተቀደደ ሲባል እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

አቡጀዲ ሰቅሎ ከጀርባው መሥራት ጀመረ። ማንም እንዳያይ ብሎ ከለከለ። እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ አያለሁ ብዬ በአቡጀዲው ጥግ አፍንጫዬን ባስገባ በጥቁር ቀለም ቀባኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሲያልቅ፣ ከሰው ጋር ነው።

ጨለማ ነበር። እንደ ሌላው ሥዕል በሰማያዊ የተሠራ የውሸት ጨለማ አይደለም፤ የኛ የጫካ ጨለማ ነው፣ ዛፍ በዛፍ ላይ፣ ሐረግ በሐረግ ላይ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ። መሃሉ ላይ እሳት። አራቱ አዳኞች እሳቱ ፊታቸውን አቅልቶት፣ ትልልቅ ዓይናቸውን አፍጥጠው። አምስተኛው ግን በጎን ነው የተሣለው። አንድ ዓይን፣ አንድ የተቀደደ ጆሮ፣ ማጅራቱ ላይ እንደ ክር የቀጠነች የእሳት ብርሃን። ጫካውን ያያል። በሚያይበት በኩል ምንም የለም፣ ጥቁር ብቻ።

አቶ አየለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባታቸውን አዩና፣ ከዚያ አባታቸው ወደሚያዩበት አዩ። «ምን እያየ ነው?» አሉ።

ተገኘ በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው። ሰው ያንን እንዲጠይቅ ነበር የፈለገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ሞላ። ነብር ነው የሚል፣ ጎሽ ነው የሚል፣ ሽፍታ ነው የሚል። እኔ ደግሞ «ሚስቱ ናት፣ ተከትላው መጥታ ነው» እያልኩ አቀጣጥላለሁ። ተገኘን ቢለምኑት አይናገርም። «የሚያየውን ከሣልኩት ማን ይጠይቃል? ሥዕሉ ያኔ አለቀለት» ይል ነበር።

ታዲያ የትምህርት ቤት ታፔላ ሊሠራ ማጂ ሄደ፣ ብዙም ቆየ። እሱ በሌለበት አንድ መሪጌታ መጡ። ለሆዴ መድኃኒት ነው እያሉ ጠጅ የሚጠጡ ሰው ናቸው፤ ሆዳቸው ግን መቼም አይድንም። ግድግዳውን አዩና ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

«ይሄ ማን ነው፣ አንድ ዓይኑ?»

«የአቶ አየለ አባት ናቸው» አልኩ።

«ውይ! ሠዓሊው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አይደለም እንዴ? በእኛ ሥዕል ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ያይሻል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው። ጌታን የገረፉት ናቸው። ሰይጣን ነው።»

«መሪጌታ፣ ሰውየው እኮ ዘብ ነው!»

«እኔ የተማርኩትን ነው የተናገርኩት» ብለው ሁለተኛ መድኃኒታቸውን አዘዙ።

ክፋት አልነበረባቸውም። ወሬው ግን ከሳቸው አፍ ወጥቶ በማግስቱ ገበያ ዋለ። ከገበያ ሲመለስ እግር አውጥቶ ነበር፦ የአቶ አየለ አባት ጓደኞቹን ለአውሬ ጥሎ የሸሸ ነው፤ ሠዓሊው ምስጢሩን አውቆ ነው የሣለው። ስለ ሥዕሉ ሲጠይቅ የነበረ ሰው ሁሉ መጠየቁን ተወ። እየመጡ ጣታቸውን ቀስረው «እሱ ነው» ብለው ይጠጣሉ።

አቶ አየለ መጀመሪያ ላይ ሳቁበት። ከዚያ ሁለት ጎረቤታሞች በቡና ድንበር ተጣልተው እንደ ወትሮው ሽማግሌ ተቀመጠ። አቶ አየለ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አንደኛው፣ ገረመው የሚባል፣ ብድግ አለና «አባቱ ወንድሞቹን የሸጠ ሰው በኔ ድንበር ላይ አይፈርድም» አለ። የተቀመጡት ሽማግሎች ሁሉ መሬት መሬት አዩ። አንድም ሰው «ተው» አላለም። አቶ አየለ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ጠጅ ብቀዳላቸው አልነኩትም።

«ዘነቡ፣ ኖራ ቀቢበት ልልሽ ነው የመጣሁ» አሉኝ።

«እቀባለሁ፤ አሁኑኑ እቀባለሁ።»

ግድግዳውን አዩ። «አይ፣ ቆይ። አባቴን በኖራ?» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በሕይወታቸው ሙሉ የሰው ጠብ የፈቱ ሰውዬ የራሳቸውን መፍታት አቃታቸው። ወጥተው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጡ ቢባሉም አልሄዱም፣ ቤቴም አልመጡም።

ተገኘ ከማጂ ሲመለስ በር ላይ ነው ያገኘሁት። የስድብ ጎተራዬን ከፈትኩበት። «አንተ ባለ ቀለም ጆሮ! አንድ ዓይን የይሁዳ መሆኑን ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር» አለ።

«ታዲያ?»

«ሁለት ዓይን ባደርግለት እሳቱን ሊያይ ሆነ። ዘብ እሳት አያይም። የመምህሬን ሕግ ልጠብቅ ወይስ የሰውየውን ሥራ? ብዙ አሰብኩበት። ሰው ይጠይቃል ብዬ ነው።»

አቶ አየለ ቤት ሄዶ እየለመነ ይዟቸው መጣ። በጠራራ ፀሐይ ሦስታችን ብቻ ግድግዳው ፊት ቆምን። ተገኘ ብሩሹን አውጥቶ «እሺ፣ አዞረዋለሁ። ሁለት ዓይን እሠራለታለሁ። ዛሬ» አለ።

አቶ አየለ ብሩሹን የያዘ እጁን ያዙት። «ካዞርከው እሳቱን ያያል።»

«አዎ።»

«ያኔ አባቴ አይደለም። ሌላ ሰው ነው። ተወው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

እኔ መቼም ዝም ማለት አልችልም። «የሚያየውን ሣላ!» አልኩ። «አውሬውን ሣለው! እነሱ እሳት ላይ ሲያፈጡ እሱ ብቻ እንዳየው ሰው ይይ!»

ተገኘ ልጁን አምጣ እንደተባለ ሰው አየኝ። «እሱን ከሣልኩት እኮ ማንም አይጠይቅም።»

«አሁንስ ማን ጠየቀህ?» አሉ አቶ አየለ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ሁሉም መልስ ይዞ ነው የመጣው። እኔን እንኳ "አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። አንተ ብቻ ነህ የጠየቅከኝ።»

ተገኘ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «እርድ አለሽ?» አለኝ።

«ምን ያደርግልሃል? የዘይት ቀለም ሞልቶህ የለም?»

«አንዴ እንኳ ሳትጠይቂ ስጪኝ፣ ዘነቡ!» ጠያቂው ሰውዬ እንደዚያ አለኝ፣ አስቡት።

ከማጀት እርድ አምጥቼ ሰጠሁት። በጥብጦ፣ ያ ጥቁር ጫካ ውስጥ፣ የተቀደደ ጆሮ ያለው አዳኝ በሚያይበት በኩል ሁለት ቢጫ ዓይኖች አደረገ። ሌላ ምንም የለም፣ ሁለት ዓይን ብቻ። ፀጉሬ ቆመ። ነብሩ እዚያው ነበር፤ ከመጀመሪያውም እዚያ የነበረ ነው የሚመስለው። አራቱ አዳኞች እሳታቸው ላይ አፍጥጠዋል፣ ሥጋቸውን ይጠብሳሉ፣ ምንም አላወቁም። ያወቀው አንዱ ብቻ ነው። አቶ አየለ «አየኸው አባቴ» አሉ፣ ከዚያ ደግሞ በቤንችኛ አንድ ነገር አሉ፣ እሱን ግን አልተረጎሙልንም።

ሰው እንደገና ጎረፈ። መሪጌታም መጡ፤ ዓይኖቹን አይተው «እንግዲህ ለይሁዳ ነብር አይመጣበትም» ብለው መድኃኒታቸውን ጠጡ። ገረመው ራሱ አንድ የገበያ ቀን ገባ። በግድግዳው ትይዩ ተቀምጦ ጠጁ እስኪያልቅ ዓይኖቹን ሲያይ ቆየ። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «አቶ አየለ ቤት አሉ?» አለኝ። ያን ድንበር ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። እስኪሞቱ ድረስም ሽማግሌነታቸውን የነካባቸው የለም።

ተገኘ ግን ከዚያ በኋላ ያንን ግድግዳ እያየ አይቀመጥም ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚጠጣ። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ «መጀመሪያ ስትሥለው በልብህ ምን ነበር የሚያየው? እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

«እኔም አላውቅም» አለ። «ለዚያ ነበር ደስ የሚለኝ።»

ኋላ ቴፒ ሥራ በዛለትና እዚያው ቀረ። ሚስትም አገባ። «ያገባሃት ስትጠይቃት ነው ስትጠይቅህ?» ብዬ በሰው ላክሁበት፣ መልስ የለም። ዓመቱ አለፈ፣ አስፋልት መጣ፣ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ አቶ አየለም አረፉ። ከሳቸው ለቅሶ በኋላ አንድ ጠዋት ጠጅ ቤቱን ስጠርግ ቀና ብል ዓይኖቹ የሉም። ከበር በሚገባው ፀሐይ ከዓመት ዓመት እየደበዘዙ፣ ማንም ልብ ሳይል፣ ጠፍተዋል። እሳቱ እንዳለ ነው፣ ጆሮውም እንዳለ ነው፣ ዓይኖቹ ብቻ። እኔ ነጠላዬ ላይ የፈሰሰ አልጫ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው እርዱ እንደሚለቅ አውቃለሁ። ሠዓሊ ሰው ይሄን ያጣዋል?

ወዲያው ቴፒ ላለችው የልጅ ልጄ ደውዬ ስልኩን ለተገኘ አስወሰድኳት።

«አንተ ቀጣፊ! ዓይኖቹ ጠፉ!»

«ሁለቱም?» አለኝ።

«ሁለቱም!»

«አቶ አየለስ?»

«አርፈዋል።»

«ነፍሳቸውን ይማር። በክብር?»

«በክብር። አገር ነው የቀበራቸው።»

«ሰው ይጠይቃል?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ ሰው።

«የዩኒቨርሲቲ ልጆች እየመጡ ያደነቁሩኛል፤ "እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ምን እያየ ነው?" ይላሉ። አንዷማ ፍቅረኛዋን ትታ እሱን ስታይ ዋለች።»

ሳቀ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ «አንቺስ ዘነቡ? ምን የሚያይ ይመስልሻል?» አለኝ።

ስንት ዘመን አገሩን ሁሉ ይሄን ሲያስጠይቅ፣ እኔን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። መልስ ደግሞ ነበረኝ፤ የሚስቱን ቀልድ አይደለም፣ የምር የሆነ፣ ጠጅ ቤቱ ባዶ ሲሆን እያየሁ ያገኘሁት።

«ይሄ በስልክ አይነገርም» አልኩት። «መጥተህ ጠይቀኝ።»

«ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ።»

«ሚዛን ላይ ዝናብ የሚያባራ መስሎህ ነው?»

ያን ዓመት ግን አባራ። መንገዱም ደረቀ፣ መኪናውም ከቴፒ ወዲህ ይመላለስ ነበር፣ እሱ ግን ታመመና አልመጣም። በስልክ ብነግረው ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ። ኋላ ደግሞ አይ፣ ደግ አደረግኩ እላለሁ። ያ ሰው አንድ ያልተመለሰለት ጥያቄ ባይዝ ኖሮ፣ የመጨረሻው መንገዱ አይጥመውም ነበር።